ዝናብ ሲዘንብ ወደ ሄሊገን፣ ሲያባራ ወደ ሜቫጊሲ

አክስቴ ከአዲስ አበባ እኛን ሊጠይቁ ለንደን የመጡ ጊዜ የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ባሕር አሳዩኝ" አሉ። የፈለጉት ጀልባና መረብ ያለበት፣ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩበት ባሕር ነው። እኔም ኮርንዎልን መረጥኩ፤ የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ናት። የሄድንበት ቀን ዝናቡ ከማለዳ እስከ ማታ አላቋረጠም። አክስቴ በመኪናው መስኮት አሻግረው እያዩ፣ "ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣነው ዝናብ ለማየት ነው? ዝናብማ ሐምሌ ሲገባ ደጄ ድረስ ይመጣልኝ የለም እንዴ?" አሉኝ።

ምን እላለሁ? ያን ቀን ሁሉን ነገር አበላሽቼው ነበር። መጀመሪያ ከተማዋ ገባን፤ ውኃው ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመው ጠበቁን። ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠው። አትክልት ስፍራው ስንደርስ ካልሲያችን ርሷል፣ ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ ሰዓቱም መሽቷል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ሁለቱን በዝናብ። አሁን ዝናብ አለ ቢሉኝ ጉዞ አልሰርዝም። የቀኑን ቅደም ተከተል አስተካክላለሁ እንጂ። ጠዋት አትክልት ስፍራው፣ ከሰዓት በኋላ ወደቡ። ለምን እንደዚያ እንደሆነና እንዴት እንደሚደረግ አንድ በአንድ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታዎቹ የት ናቸው?

አትክልት ስፍራው ሄሊገን ይባላል። በኮርንዎል ጥንታዊ ቋንቋ የአኻያ ዛፍ ማለት ነው። ሙሉ ስሙ "የጠፋው የሄሊገን አትክልት ስፍራ" ነው፤ እንዴት እንደጠፋ እነግራችኋለሁ። ከተማዋ ሜቫጊሲ ናት። ከአትክልት ስፍራው ቁልቁል ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብትወርዱ ባሕሩ ዳር ታገኟታላችሁ። ስሟ ሜቫ እና ኢሲ ከሚባሉ ሁለት ቅዱሳን ስም የተገጣጠመ ነው። መሀል ላይ ያለችው "ግ" የኮርንዎልኛው "እና" ትራፊ ናት።

ከለንደን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሞከርም። በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በበዓልና በክረምት የትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ከዚያም ይብሳል። በባቡር ከሆነ ከፓዲንግተን ተሳፍራችሁ ሴንት ኦስቴል ትወርዳላችሁ፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጣቢያው አጠገብ ወደ ሜቫጊሲ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ፕሊመዝ የምትኖሩ ግን በጠዋት ወጥታችሁ ማታ ቤታችሁ መግባት ትችላላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ

ብዙ ሰው የሚያየው የዝናቡን ሥዕል ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ደመናና ጠብታ ካየ "በቃ ቀረ" ይላል። እዚያ አገር ግን የደመና ሥዕል የማይወጣበት ቀን ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ዝናቡ የምን ዓይነት ነው? የኛ አገር የክረምት ዝናብ ይመጣል፣ ያወርደዋል፣ ያባራል። የኮርንዎሉ ብዙውን ጊዜ ካፊያ ነው። ከጭጋግ ጋር ተደባልቆ ቀኑን ሙሉ ይነፋል። ጠብታው አይሰማም፣ ግን አጥንት ድረስ ያርሳል። የአገሩ ሰዎች ሚዝል ይሉታል። ይህ ካፊያ ለአትክልት ስፍራ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይስማማዋል። ዶፍ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የአገሪቱ ሜትዎሮሎጂ ድርጅት በየሰዓቱ የሚዘንበውንና የዝናብ ራዳሩን በስልክ ያሳያል። ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ቁርስ ላይ ሆናችሁ እዩት። የባሕር ዳር አየር ሌሊቱን ሐሳቡን ይለውጣል።

ሁለተኛ፣ ነፋሱ ከየት ነው? ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሜቫጊሲ ፊቷን ያዞረችው ወደ ምሥራቅ ነው። እዚያ አካባቢ አብዛኛው ነፋስ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ተራራው ከጀርባዋ ይከልላታል። ሌላው የባሕር ዳር ሲናወጥ የሷ ወደብ ጸጥ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ነፋሱ ከምሥራቅ ከዞረ ግን ማዕበሉ በቀጥታ ወደቡን ይመታል። የውጪው ወደብ ግንብ በ1888 ተሠርቶ በ1891 በመጣ የበረዶ አውሎ ነፋስ ክፉኛ ተጎዳ። እንደገና ገንብተው ሲጨርሱ 1897 ሆነ። ትንበያው "ኃይለኛ የምሥራቅ ነፋስ" ካለ በግንቡ ላይ የመሄድ ሐሳባችሁን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት። ፎቶ ከሩቅም ይነሣል።

ሦስተኛ፣ ባሕሩ መቼ ይሞላል? ከጣናና ከሐዋሳ ሐይቅ ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ ነው። የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሲጎድል የሜቫጊሲ የውስጥ ወደብ ይደርቃል። ጀልባዎቹ ጎናቸውን ጥለው አሸዋና ጭቃ ላይ ይቀራሉ። ይህም የራሱ ውበት አለው የሚሉ አሉ። እኔ ግን አክስቴን ይዤ ሄጄ "የታል ባሕሩ?" ሲሉኝ መልስ አጥቻለሁ። የሙላቱን ሰዓት ለማወቅ "ሜቫጊሲ ታይድ ታይምስ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኛ አቆጣጠር የሚሞላበት ቀን ከተገኘ በጣም ጥሩ። ሰንጠረዡ የሚጽፈው በእንግሊዝ ሰዓት መሆኑን አትርሱ፣ እንዳትቀላቅሉት።

አለባበስና ሻንጣ

ጃንጥላ እቤት ይቅር። ከተማ ውስጥ ይሠራል፣ ባሕር ዳር ለነፋስ ሲሳይ ነው። በጠባብ የአትክልት መንገድ ላይም የሰው ዓይን ይወጋል።

ጃኬት ስትገዙ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ታያላችሁ። አንደኛው ውኃ "ይቋቋማል" ይላል፣ ሁለተኛው ውኃ "አያስገባም" ይላል። የመጀመሪያው ለሃያ ደቂቃ ነው። ሁለተኛውን ያዙ፣ ኮፍያ ያለውን። ጂንስ አትልበሱ። አንዴ ከራሰ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ስስ የስፖርት ሱሪ ይሻላል፤ ቢርስም እየሄዳችሁ ይደርቃል።

ለልጆች ቦቲ ጫማ አድርጉላቸው። ለአዋቂ ግን ሶሉ ጥርስ ያለው የእግር ጉዞ ጫማ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቁልቁለት አለ፣ ቦቲም ቁልቁለት ላይ ጣት ይቀጠቅጣል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትርፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ካልሲውን የምትቀይሩት ምሳ ላይ ነው፤ ያ አንድ ተግባር ብቻውን የቤተሰቡን ፀባይ ይለውጠዋል። ሌሎች ሁለት ሦስት ባዶ ፌስታሎችም ይኑሩ፤ ለስልክ፣ ለእርጥብ ነገር፣ እርጥብ አግዳሚ ላይ አንጥፎ ለመቀመጥ። በፔርሙስ ሻይ፣ በኪስ ቆሎ ከያዛችሁ ሌላ ስንቅ አያስፈልግም። ቆሎ በእርጥበት ይለሰልሳልና በሚዘጋ ነገር ያዙት።

ጠዋት፦ አትክልት ስፍራው

በሩ ሲከፈት ደርሳችሁ ግቡ። በዝናብ ቀን ሰው አርፍዶ ስለሚመጣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት የእናንተ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል፤ የዕለቱን ሰዓትና ዋጋ እዚያው ታዩታላችሁ።

ስፍራው 200 ኤከር ነው፣ ከሰማንያ ሄክታር በላይ። ሁሉንም እናያለን ብላችሁ አትነሡ። በዝናብ የምመክረው መንገድ ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ጫካው፣ ቀጥሎ ሸለቆው፣ በመጨረሻ የላይኛው የአትክልት ግቢ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጫካው ዛፎቹ ይከልሏችኋል፣ ጠዋት ጉልበት እያለ ሸለቆው ይወረዳል፣ ሲደክማችሁና ሲርሳችሁ ደግሞ የላይኛው ግቢ ጣራ ያላቸው ቤቶች ይጠብቋችኋል። ምሳ ቤቱም ለዚያ ቅርብ ነው።

ጫካው ውስጥ መሬት ላይ የተኛች ሴት ታያላችሁ። ከአፈር የተሠራች ናት። ሱና ፒት ሂል የሚባሉ እህትና ወንድም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሠሯት። ልብሷ እርጥበት ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ የዛፍ ሽበትና ሐረግ ነው፣ ፀጉሯ ሣር። በደረቅ ወራት ትገረጣለች። በዝናብ ቀን ግን ሽበቱ ሁሉ ነፍስ ይዘራል፣ አረንጓዴው ያበራል። ልጄ "ትተነፍሳለች" ብሎ ተከራከረኝ። በፀሐያማ ቀን የመጡት የሚያዩት ይህን አይደለም። ትንሽ አለፍ ብሎ ከመሬት ብቅ ያለ የግዙፍ ሰው ራስ አለ፣ እሱም የነሱ ሥራ ነው። እንዳትወጡበት፤ ሽበቱ አንዴ ከተላጠ ቶሎ አይመለስም።

ከዚያ ሸለቆው ነው። ጃንግል ይሉታል፣ የሞቃት አገር ጥቅጥቅ ደን ማለታቸው ነው። ነፋስ የማይገባበት ገደላ ገደል ስለሆነ ከላይኛው ግቢ ይሞቃል። ሙዝ፣ ቀርከሃ፣ ዘንባባ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ እንደ ዛፍ የሚቆም ፈርን ሞልቶበታል። ጉኔራ የሚባለው ተክል ቅጠሉ ከጃንጥላ ይሰፋል። የጃንጥላ ቁጭታችሁን የምትረሱት እዚህ ነው። ለደቡብ ሰው ሙዙ እንሰት እንሰት ይለዋል፣ ጓሮ የገባ ይመስለዋል። የዝናቡ ድምፅ በነዚህ ሰፋፊ ቅጠሎች ላይ ሲያርፍ የቆርቆሮ ቤት ትዝ ይላችኋል። እኔ አንድ ኩሬ ዳር ቆሜ ሩብ ሰዓት ምንም ሳልናገር አዳመጥኩት።

መንገዱ የእንጨት ርብራብና ደረጃ ነው። እርጥብ እንጨት ያንሸራትታል፤ በእጅ መያዣው በኩል ሂዱ፣ አትቸኩሉ። 30 ሜትር ያህል የሚረዝም የገመድ ድልድይም አለ፤ በአየሩ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል ለልጆች አስቀድማችሁ ቃል አትግቡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከላይኛው ጫፍ ሆነው ሸለቆውን ማየት ይችላሉ። አክስቴ እዚያው አግዳሚ ላይ ፌስታላቸውን አንጥፈው፣ ሻያቸውን ይዘው ጠበቁን። "እናንተ ውረዱ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አግዛችኋለሁ" ብለው።

ወደ ላይኛው ግቢ ስትወጡ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ይህ ርስት ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የትሬሜይን ቤተሰብ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ብዙ አትክልተኞች ተቀጥረው ይሠሩበት ነበር። በነሐሴ 1914 ወጣቶቹ ለጦርነቱ ተመዘገቡ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። የሚኮተኩት ጠፋ፣ እሾህና ሐረግ ግቢውን ዋጠው። ለአሥርት ዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በጥር 1990 ትልቅ ማዕበል ዛፍ እየነቀለ ጣለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቲም ስሚት የተባለ ሰው ከባለርስቶቹ ዘር ከሆነው ከጆን ዊሊስ ጋር እሾኹን እየመነጠረ ገባ። ከውስጥ የፈረሱ የመስተዋት ቤቶችና የግንብ አጥር ወጡ። ስፍራው ለሕዝብ የተከፈተው በ1992 ነው።

አትክልተኞቹ ይጠቀሙበት የነበረች አንዲት ትንሽ መጸዳጃ ቤት አለች። የኖራ ግድግዳዋ ላይ ሠራተኞቹ "ነሐሴ 1914" ከሚል ቀን ጋር ስማቸውን በእርሳስ ጽፈዋል። በየመንገዱ ከቆሙት የነሐስ ሐውልቶች ይልቅ እኔን የነካኝ ይህ ነው። ማንም ሐውልት ይሆናል ብሎ አልጻፈውም። በ2013 የብሪታንያ ንጉሠ ነገሥታዊ የጦርነት ሙዚየም ሕያው መታሰቢያ ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ትሞላለች። ዝናብ ለመጠለል የቆመ ሰው ካለ ታገሡት።

ቀጥሎ አናናሱን ፈልጉ። በዚህ ብርድ አገር አናናስ! ዘዴው እንዲህ ነው። መሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ በመስተዋት የተከደነ ጉድጓድ አለ። በግራና በቀኙ ባሉት ቦዮች ትኩስ የፈረስ ፍግ ይሞላል። ፍጉ ሲብላላ ይሞቃል፣ ሙቀቱ በግንቡ ቀዳዳ አልፎ አናናሱ ዘንድ ይደርሳል። ፍጉ ሲበርድ እንደገና ትኩስ ይጨመራል። በ1997 የመጀመሪያው ፍሬ ደረሰ። አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳ አክስቴ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው። "ፍግማ ይሞቃል፣ ምኑ ይገርማል? እናቴ ዱባ የምትተክለው ፍግ ላይ አልነበር" አሉ። ለአስጎብኚው ተረጎምኩለት፤ ደስ አለውና አካፋ ሊያቀብላቸው ምንም አልቀረው።

የሄሊገን ሌላው ዝና የጥንት አበቦቹ ናቸው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሄዳችሁ ካሜሊያና ሮዶዴንድሮን ያብባሉ። ሮዶዴንድሮኖቹ ዛፍ ያክላሉ፤ ከሂማላያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከመጣ ዘር የበቀሉ አሉባቸው። ዝናብ ያረገፈው አበባ መንገዱን ቀይ ምንጣፍ ያደርገዋል። እሱም ያንሸራትታል።

ለዚህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ተኩል መድቡ። ከዚያ ምሳ ቤቱ ገብታችሁ ካልሲ ቀይሩ። ሾርባ ብቻ ውሰዱ፣ ሆዳችሁን ለወደቡ አስቀምጡለት።

ቁልቁል ወደ ከተማዋ

ካፊያው ከሰከነ በእግር ውረዱ። የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ተዘርግቷል፣ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጭቃ አለው። መመለሻው ዳገት ስለሆነ በአውቶቡስ ተመለሱ፤ ከመውረዳችሁ በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ እዩ። በተለይ እሑድና በብርዱ ወራት አውቶቡሱ ይሳሳል።

በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ መሀል ከተማ አትግቡ። መንገዶቹ የተሠሩት ለአህያና ለቅርጫት ነው። መስተዋታችሁ ግድግዳ ይነካል፣ ከፊት ለፊት የዓሣ መኪና ይመጣል፣ ወደ ኋላ መመለስ ይጀመራል። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ፣ አንዲት አሮጊት ከመስኮታቸው ብቅ ብለው በእጃቸው እየመሩ አወጡኝ። ከተማዋ መግቢያ ላይ ሰፊ ማቆሚያ አለ። እዚያ አቁማችሁ አምስት ደቂቃ ተራመዱ።

ወደቡ

ወደቡ ድርብ ነው። የውስጡ ከ1774 ጀምሮ የተሠራ ነው፤ የውጪውን ታሪክ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ውኃው ሞልቶ ከሆነ ጀልባዎቹ ቆመው ይወዛወዛሉ፣ ከበስተጀርባ ቤቶቹ በተራራው ላይ ተደራርበው ይታያሉ። መጀመሪያ በውስጡ ወደብ ዙሪያ ሂዱ። ነፋሱ ቀላል ከሆነ እስከ ውጪው ግንብ ጫፍ፣ እስከ ነጩ መብራት ቤት ድረስ መሄድ ይቻላል። አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር የለበሰውን ድንጋይ አትርገጡ፤ ከሳሙና ይብሳል።

ይህ የቱሪስት ትርኢት ሳይሆን የሥራ ቦታ ነው። መረብና ገመድ ተዘርግቶ ካያችሁ ዙሩት እንጂ አትሻገሩት። ክሬን ሲወርድ ሥሩ አትቁሙ። ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ሲመቻቸው ደግሞ ወሬ ይወዳሉ፤ "ዛሬ ምን ተያዘ?" ብሎ መጀመር ይበቃል።

ከተማዋን ያቆማት አንድ ትንሽ ዓሣ ነው፦ ሳርዲን። ድሮ ፒልቻርድ ይሉት ነበር። በዚያ ዘመን በኮርንዎል ዳርቻ ገደል ላይ አንድ ሰው ይቆም ነበር፤ የዓሣው መንጋ ባሕሩን ሲያጠቁረው ከሩቅ አይቶ "ሄቫ! ሄቫ!" እያለ ይጮኻል። ጀልባዎች ይወጣሉ። የተያዘው ዓሣ በጨው ታሽቶ በበርሜል ይጠቀጠቅና በመርከብ ወደ ጣሊያን ይላክ ነበር። ለምን ጣሊያን? ለጾም! ካቶሊኮቹ በዐቢይ ጾም ሥጋ ስለማይበሉ የጨው ዓሣ ይፈልጉ ነበር። የኮርንዎል ዓሣ አጥማጆች ፕሮቴስታንት ሆነው ሳለ ለሮማው ጳጳስ ጤና ጽዋ ያነሡ ነበር፤ ጾሙ እንዳይቀር ነዋ! የሰው ጾም እንጀራቸው ነበር። የዓሣውም ዘይት አልባከነም። በ1895 በወደቡ ዳር በዚሁ ዘይት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተተክሎ የመንገድ መብራት አበራ። እስቲ አስቡት፣ መንገዱን የሚያበራው ሳርዲን ነው።

ዝናቡ ከበረታ መጠለያ ሁለት አለ። አንዱ የድሮው የነፍስ አድን ጀልባ ማደሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ የዓሣ ማሳያ ናት። እዚሁ ባሕር ውስጥ የሚኖሩትን ዓሦች በሕይወት ታሳያለች፣ ልጆች አይወጡላችሁም። ሌላው በምሥራቁ ዳር ያለው ሙዚየም ነው። ቤቱ በ1745 የጀልባ መሥሪያ ሆኖ የተሠራ ነው። የዓሣ ማጥመጃና የጀልባ አናጢ መሣሪያ ታያላችሁ። ግልጽ ሳሙና በመሥራት ስሙ የወጣው አንድሩ ፒርስም የዚህች ከተማ ልጅ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሁለቱም ቦታዎች በብርዱ ወራት ስለሚዘጉ ከፋሲካቸው በኋላ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መሄዱ ይመረጣል።

መብል፣ ለጿሚውም ለፍስኩም

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም የኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው።

ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ በሰሌዳ የሚጻፈው በብዛት ሸርጣንና ሎብስተር ነው። አክስቴ ሸርጣኑን በቅርጫት ውስጥ ሲንቀሳቀስ አይተው አማተቡ። የኦርቶዶክስ ሰው ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አይበላም፤ ስለዚህ ማካረል፣ ሳርዲን፣ ሃዶክ ወይም ፖላክ ጠይቁ። ሁሉም ቅርፊት ያላቸው ናቸው። ትኩስ ማካረል በመጥበሻ ተጠብሶ ከሎሚ ጋር ሲመጣ፣ ሚጥሚጣ በኪሳችሁ ካለ ሌላ ምንም አትፈልጉም። እኔ ሁሌ በትንሽ ዕቃ እይዛለሁ። አስተናጋጇ ቀምሳ አስነጥሳለች።

ዓሣና ድንች ጥብስ ከገዛችሁ በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ። አንዳንድ ቤቶች የሚጠብሱት በከብት ስብ ነው። ለጾም፣ ለሙስሊምም ወገናችን ይህ ጥያቄ ያስፈልጋል። በአትክልት ዘይት የሚጠብስ ቤት አይጠፋም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየነፍስ አባታችሁ ትቻለሁ።

ፓስቲ የኮርንዎል ሳምቡሳ ብላችሁ ውሰዱት፤ ግን አንዱ ሰው ያጠግባል። በጎን በኩል በእጅ የተቆለፈ ሊጥ ውስጥ የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚባል እንደ ቀይ ሥር ያለ ሥራ ሥር አለበት። ከ2011 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኮርንዎል ውስጥ ካልተዘጋጀ "የኮርንዎል ፓስቲ" ተብሎ አይሸጥም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም የአትክልት ብቻ የሆነ አለ፤ ቅቤና ወተት እንደሌለበት ግን አረጋግጡ።

ፓስቲያችሁን ደጅ ላይ ስትበሉ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። የባሕር ወፎቹ ሌቦች ናቸው። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት ደጃፍ ጭልፊት ሥጋ ሲነጥቅ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የልጄ ፓስቲ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ሳለ ሰማይ ገባ። ልጁ ከማልቀሱ በፊት ወፉ ጨርሶት ነበር።

ስኮንስ የሚባለውን ትንሽ ዳቦ ከጃምና ከወፍራም ክሬም ጋር ካዘዛችሁ እዚህ ጃሙ ነው የሚቀድመው፣ ክሬሙ ከላይ። ጎረቤት ዴቨን ተቃራኒውን ታደርጋለች። ሳቅ ብለው ነው የሚከራከሩት፣ ግን የምራቸውን ነው።

ዶፍ ቢወርድስ?

ካፊያው ዶፍ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያም ከወጣ ሄሊገንን ለነገ አሳድሩትና ወደ ኤደን ፕሮጀክት ዙሩ። እዚያው ሴንት ኦስቴል አካባቢ ነው። ቲም ስሚት ከሄሊገን በኋላ የመሠረተው ሲሆን በ2001 ተከፈተ። ድሮ ሸክላ አፈር ይወጣበት በነበረ ግዙፍ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሳሙና አረፋ የተነፋፉ ቤቶች ቆመውበታል። አንዱ ውስጥ የሞቃት አገር ደን አለ። ስትገቡ መነጽራችሁ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል። የቡና ዛፍም አለበት። አክስቴ ቅጠሉን ዳሰስ አድርገው፣ "አንተም እዚህ ደረስክ?" አሉት።

ማታ ማረፊያችሁ ስትገቡ ጫማውን ማሞቂያ ላይ አትስቀሉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሙጫውም ይለቃል። የውስጡን ሶል አውጡና ጋዜጣ ጠቅጥቁበት። ከመተኛታችሁ በፊት የራሰውን ጋዜጣ በደረቅ ቀይሩት። ጠዋት ይደርቃል። ጋዜጣ ከአከራያችሁ ለምኑ፣ እዚያ አገር የማይሰጥ የለም።